የአሮጌ ድምፅ ማጉያ እምምታና መድኃኒቱ
(በራዲዮ የተሰጠ ንግግር)



ለዛሬ የመረጥሁት ንግግር በየአዳራሹ፥ በየሠርግ ዳሱና በየበዓሉ ሜዳ ሁላችንም ስለምንሰማው፥ ነገር ግን ብዙዎቻችን ምክንያቱን ስለማንጠይቀው ስለ አንድ ድምፅ ነው። ተናጋሪው ገና አፉን ሳይከፍት፥ ዘፋኙም ገና ሳይጀምር፥ ከእስፒከሩ ውስጥ «እምምም» የሚል፥ ንብ ከቀፎዋ ውስጥ የምታሰማውን የመሰለ ድምፅ ይወጣል። እኔም በዚህ ንግግር እምምታ እለዋለሁ።

ምናልባት ከአድማጮቼ አንዳንዱ «ይህ የጠጋኞች ጉዳይ ነው፤ ለእኛ ምን ያደርግልናል?» ይል ይሆናል። ነገር ግን እምምታን ለማጥፋት ሲባል የሚደረግ አንድ ቀላል የሚመስል ሥራ አለ፤ እርሱም ሰው ሊገድል የሚችል ነው። ንግግሬን የምጀምረው ስለ ድምፅ ቢሆንም የምፈጽመው ስለ ሕይወት ነውና፥ እስከ መጨረሻው በትዕግሥት እንድትከተሉኝ እለምናችኋለሁ።

የምኖረው በአዊ ዞን በቆሰበር ነው። ከተማችን ዛሬ በይበልጥ እንጅባራ በሚለው ስሟ ትታወቃለች፤ ከባሕር ወለል ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍ ያለች፥ ዝናብ የሚበዛባት ደጋ ናት። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በዓሉን የሚያከብረው በዚችው ከተማ ነው። ጥር ደግሞ የሠርግ ወር ነው። ስለዚህ ታኅሣሥ ሲጋመስ፥ ክረምቱን በየጥጉ ተጥለው የከረሙት ድምፅ ማጉያዎች አቧራቸው ይራገፍና ወደ ጠጋኝ ቤት ይመጣሉ።

ከዕለታት አንድ ቀን አንድ ሽማግሌ ከነዚህ አንዱን በጋሪ አስጭነው ወደ እኔ መጡ። ዕቃው ዕድሜው ከ40 ዓመት ያላነሰ፥ በትራንዚስተር የሚሠራ፥ በብረት ሣጥን ውስጥ የተገጠመ ከባድ አምፕሊፋየር ነው። ሽማግሌው ለሠርግና ለበዓል እያከራዩ ልጆቻቸውን ያሳደጉበት ነበር።

«ልጄ፤ ይህ ዕቃ ማጉረምረም ጀምሯል። ሰው ሁሉ ‹የመሬቱን ሽቦ ያስቆርጡት፤ ወዲያው ዝም ይላል› ይለኛል። የእኔ ዓይን ደክሟል፤ እስቲ አንተ ቁረጥልኝ» አሉኝ።

«አባቴ፤ ሽቦውን ከመቁረጣችን በፊት ለምን እንደሚያጉረመርም እንመርምረው። ነገርን ከሥሩ፥ ውኃን ከጥሩ ይባል የለም?» አልኋቸው። ሽማግሌውም ጥቂት አሰቡና ዱካ ስበው ተቀመጡ። የመሬት ሽቦ የሚባለው በኤሌክትሪኩ ገመድ ውስጥ ያለው፥ አረንጓዴና ቢጫ ቀለም የተቀባው ሦስተኛው ሽቦ ነው፤ ወደ እርሱ ኋላ እንመለሳለን።

በመጀመሪያ እምምታ ከየት እንደሚመጣ እንመልከት። ወደ ቤታችን የሚገባው ኤሌክትሪክ እንደ ወንዝ ውኃ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚፈስ አይደለም፤ እንደ መጋዝ ወዲያና ወዲህ የሚመላለስ ነው። በአገራችን ግፊቱ 220 ቮልት ሲሆን፥ ምልልሱ በሴኮንድ 50 ጊዜ ነው። ከጣና ሐይቅ በዋሻ እየወረደ ወደ በለስ ወንዝ የሚገባው ውኃ፥ በ2002 ዓ.ም. የተመረቀውንና 460 ሜጋዋት ለማመንጨት የተሠራውን የጣና በለስ ጣቢያ ያንቀሳቅሳል። ይህ ጣቢያና በአገሪቱ የኤሌክትሪክ መረብ ላይ የተያያዙት ሌሎቹ ጣቢያዎች ሁሉ እርምጃቸውን አስተካክለው በዚያው በ50 ምልልስ ይሄዳሉ። ስለዚህ በቆሰበር የሚሰማው እምምታና በአዲስ አበባ የሚሰማው እምምታ ቅኝታቸው አንድ ነው።

አምፕሊፋየሩ ግን ለሥራው የሚፈልገው ተመላላሹን ሳይሆን፥ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚሄደውን የረጋ ኤሌክትሪክ ነው። ስለዚህ በሣጥኑ ውስጥ ሦስት ሠራተኞች ተሰልፈው ይገኛሉ። አንደኛው ትራንስፎርመር ነው፤ 220ውን ቮልት ለዕቃው ወደሚስማማው መጠን ይለውጣል። ሁለተኛው ዳዮድ ነው፤ እንደ በር ጠባቂ ቆሞ በአንድ አቅጣጫ የሚሄደውን ብቻ ያሳልፋል። አራት ዳዮዶች ተጋግዘው ሲሠሩ የምልልሱን ሁለቱንም ወገን ስለሚጠቀሙበት፥ 50 የነበረው ምልልስ በሴኮንድ 100 ጊዜ የሚመጣ ማዕበል ይሆናል። ሦስተኛው ካፓሲተር ነው፤ እርሱን በጋን ልንመስለው እንችላለን። ማዕበሉ ሲመጣ ይሞላል፤ በማዕበልና በማዕበል መካከል ደግሞ ያጠራቀመውን ይሰጣል። ጋኑ ደኅና ሲሆን ፍሰቱ የረጋ ይሆናል። ጋኑ መያዝ ሲያቅተው ግን ማዕበሉ አልፎ እስከ እስፒከሩ ይደርስና እምምታ ይሆናል።

ከዚህ የተነሣ እምምታ ሁለት ዓይነት ነው። የ50ው ድምፅ ጥልቅና ለስለስ ያለ ነው፤ ከጆሮ ይልቅ በደረት የሚሰማ ይመስላል። የ100ው ግን ሻከር ብሎ እንደ ጢንዚዛ ክንፍ ይጮኻል። ሁለቱን መለየት የቻለ ጠጋኝ የሥራውን እኩሌታ ጨረሰ ማለት ነው።

ሣጥኑን ከመክፈቴ በፊት ለሽማግሌው የነገርኋቸውን ለእናንተም ልንገራችሁ። አንድ ዕቃ ስፒናው ከሶኬት ስለ ተነቀለ ብቻ ሞቷል ማለት አይደለም። በካፓሲተሩ ውስጥ የተጠራቀመው ኤሌክትሪክ ይቆያል፤ ይመታልም። በትራንዚስተር አምፕሊፋየር ውስጥ ብዙውን ጊዜ ከጥቂት አሥር ቮልት አይበልጥም። በአሮጌዎቹ የቫልቭ አምፕሊፋየሮች ውስጥ ግን ከ300 እስከ 450 ቮልት የሚደርስ ሊሆን ይችላል፤ ይህም ሰው ይገድላል። አንዳንድ ሰዎች የካፓሲተሩን ሁለት እግሮች በካቻቢቴ እያገናኙ ብልጭታ በማውጣት ያራግፉታል፤ ይህ ዕቃውንም ሠሪውንም ይጎዳል። እኔ እንደዚህ ላለው የትራንዚስተር ዕቃ 1,000 ኦም የሆነ የ5 ዋት ሬዚስተር በተሸፈነ ሽቦ አገናኝቼ ግማሽ ደቂቃ ያህል አቆየዋለሁ። ከዚያም በመልቲሜትር ለክቼ ቮልቱ ወደ ዜሮ መቅረቡን ሳላይ እጄን አላስገባም። የቫልቩን ዕቃ ግን ሥራውን ያልተማረ ሰው ባይከፍተው ይሻላል።

አሁን ወደ ምርመራው እንግባ። ፊተኛው ጥያቄ ድምፁ የሚወጣው ከእስፒከሩ ነው ወይስ ከሣጥኑ ራሱ? የሚል ነው። ከሣጥኑ ከሆነ ትራንስፎርመሩ እየተንቀጠቀጠ ነውና ማጥበቂያ ብሎኖቹን ማየት ይገባል። የሽማግሌው ዕቃ ግን የሚያጉረመርመው በእስፒከሩ ነበር።

ሁለተኛው ጥያቄ የድምፁ ቁልፍ እስከ መጨረሻው ሲቀነስ እምምታው ይጠፋል ወይስ ይቀራል? የሚል ነው። ከጠፋ፥ የሚገባው ከቁልፉ በፊት ባለው ወገን፥ ማለት ከማይክሮፎኑ፥ ከገመዱ ወይም ከመጀመሪያው የማጉያ ክፍል ነው። ሳይለወጥ ከቀረ ግን፥ ጥፋቱ በኤሌክትሪክ ማረጊያው ወይም በመጨረሻው ክፍል ነው። ይህ አንድ ቁልፍ የማዞር ሥራ ምንም መሣሪያ ሳይፈልግ ፍለጋውን በግማሽ ያሳጥረዋል።

ሦስተኛው፥ ገመዶቹን ሁሉ ከመግቢያው ነቅሎ፥ የመግቢያውን ጫፍ ከከለላው ጋር በሚያገናኝ ስፒና መዝጋት ነው። በዚህን ጊዜ እምምታው ከቆመ አምፕሊፋየሩ ንጹሕ ነው፤ በደሉ ከውጭ የመጣ ነው።

ይህን ሁሉ በሽማግሌው ዕቃ ላይ በተራ አደረግሁ። ቁልፉን ዜሮ ላይ ሳደርገው ሻካራው የ100 ድምፅ ፈጽሞ አልተለወጠም። መግቢያውን ብዘጋውም አልቆመም። ስለዚህ ሣጥኑን ከፍቼ፥ አራግፌ፥ ካፓሲተሮቹን ነቅዬ ለካሁ። ሁለት ነበሩ፤ በእያንዳንዱ ላይ 4,700 ማይክሮፋራድና 63 ቮልት ተጽፎበታል። አንደኛው ከተጻፈበት እምብዛም ሳይርቅ ቀርቷል። ሁለተኛው ግን ወደ 900 ወርዶ፥ ራሱም ጥቂት አብጦ ተገኘ።

የዚህን ልዩነት ትርጓሜ በቁጥር ማስረዳት ይቻላል። አምፕሊፋየሩ ግማሽ አምፔር በሚስብበት ጊዜ 4,700 ማይክሮፋራድ ያለው ካፓሲተር የሚያሳልፈው ማዕበል 1 ቮልት ያህል ነው። ወደ 900 ሲወርድ ግን ማዕበሉ ከ5 ቮልት በላይ ይሆናል። ይህን የመሰለ ካፓሲተር የሚሠራው ከአሉሚኒየም ቅጠልና በመካከሉ ከተነከረ ፈሳሽ ነው። ፈሳሹ በሙቀትና በዘመን ብዛት ይደርቃል። ስለዚህ የአሮጌ ዕቃ ጌታ ካፓሲተሩ ደከመ ብሎ ሠሪውን መውቀስ አይገባውም፤ እርጅና ነው።

ሲለወጥም ሕግ አለው። አዲሱ በማይክሮፋራድ ከቀድሞው ጋር እኩል ወይም ጥቂት የሚበልጥ፥ በቮልት ግን ፈጽሞ የማያንስ ይሁን። እስከ 105 ዲግሪ ሙቀት እንዲችል የተሠራውን መምረጥ መልካም ነው። መጠኑን ያለ ልክ ማብዛት ግን ዳዮዱንና ትራንስፎርመሩን ያስጨንቃል። ከሁሉም በላይ ፖዘቲቭና ኔጌቲቭ እግሩ እንዳይዛወር ጥንቃቄ ይደረግ፤ ቢዛወር ይፈነዳል። አንዱ ከደከመ ጓደኛውም ያው ዕድሜ ነውና ሁለቱን ባንድነት መለወጥ ይሻላል። እኔም እንዲሁ አደረግሁ።

የተጠገነውን ዕቃ በመጀመሪያ ጊዜ ስከፍተው በቀጥታ ከሶኬት ጋር አላገናኘሁትም። በመካከል በተርታ አንድ የ100 ዋት የዱሮ አምፑል፥ ማለት ክር ያለውን አምፑል አገባሁ፤ አዲሶቹ የኤል ኢ ዲ አምፑሎች ለዚህ ሥራ አይሆኑም። አምፑሉ ብልጭ ብሎ ከደበዘዘ ዕቃው ደኅና ነው። በርቶ ከቀረ ግን በውስጡ የተገናኘ ነገር አለና ወዲያው መንቀል ነው። የእኛው ደበዘዘ። ከዚያ በኋላ አምፑሉን አውጥቼ በቀጥታ ባበራሁት ጊዜ እስፒከሩ ጸጥ አለ። ሽማግሌው ጆሯቸውን አስጠግተው «ጠፋ እንዴ?» ብለው ጠየቁኝ።

ሁሉም ዕቃ ግን በዚህ አይድንም። ከአራቱ ዳዮዶች አንዱ ቢቃጠል 100 የነበረው ማዕበል ወደ 50 ይመለሳል፤ ጋኑም ቢሞላ አይበቃውም። የመግቢያው ብየዳ ቢሰነጠቅ፥ በተለይም የከለላው፥ እምምታው ገመዱን በነኩት ቁጥር ከፍ ዝቅ ይላል፤ እንደ እኛ ባለ እርጥበት አገር ይህ ብዙ ጊዜ ያጋጥማል። በቫልቭ ዕቃ ደግሞ የቫልቩን ማሞቂያ የሚያግለው ተመላላሽ ኤሌክትሪክ ወደ ድምፁ ሊሾልክ ይችላል፤ የተጠረጠረውን ቫልቭ በደኅናው ለውጦ መስማት ይህን ይገልጠዋል።

ወደ ሽማግሌው ልመለስ። ደስ ብሏቸው ሙዚቃ እናሰማ አሉ። የልጅ ልጃቸው ሙዚቃውን የሚያጫውትበትን ኮምፒዩተር ይዞ መጥቶ በሌላው ክፍል ሶኬት ላይ ሰካና፥ ረጅሙን የድምፅ ገመድ ከአምፕሊፋየሩ ጋር አገናኘ። ወዲያውም እምምታ ተመለሰ። በዚህን ጊዜ ግን ድምፁ ሻካራው የ100 አልነበረም፤ ጥልቁ የ50 ነበር። ቁልፉ ሲቀነስ ይጠፋል፤ ገመዱ ሲነቀልም ይጠፋል። ስለዚህ ይህ ሌላ በሽታ ነው ማለት ነው።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። አምፕሊፋየሩ በራሱ የመሬት ሽቦ ከመሬት ጋር ተገናኝቷል። ኮምፒዩተሩም በሌላው ሶኬት በኩል እንዲሁ። የድምፁ ገመድ ከለላ ሁለቱን ሲያያይዛቸው፥ ከመሬት ተነሥቶ ወደ መሬት የሚመለስ አንድ ትልቅ ቀለበት ተሠራ። በሁለቱ ሶኬቶች የመሬት ሽቦዎች መካከል ያለው ጥቂት ልዩነት በዚህ ቀለበት ውስጥ ይዞራል። አምፕሊፋየሩም ይህን ልዩነት እንደ ሙዚቃ ቈጥሮ ያጎላዋል።

ይህን ስነግራቸው ሽማግሌው በብልኅነታቸው «እንግዲያውስ ሰዎቹ ያሉኝ እውነት ነው። የመሬቱ ሽቦ ቢቆረጥ ቀለበቱ ይበጠሳል» አሉኝ።

«እውነት ነው፤ ይበጠሳል። እምምታውም ይጠፋል። አባቴ፤ ክፋቱ መጥፋቱ ነው» ብዬ መለስሁላቸው።

ክቡራን አድማጮች፤ የንግግሬ ዋና ነገር ይህ ነው። የመሬት ሽቦ ለድምፅ ጥራት የተሠራ አይደለም፤ ለሰው ነፍስ የተሠራ ነው። በአሮጌ ትራንስፎርመር ውስጥ መሸፈኛው ቢበላሽ ወይም የኤሌክትሪኩ ገመድ ቢላጥ፥ 220ው ቮልት የብረቱን ሣጥን ይይዛል። የመሬት ሽቦ ካለ ኤሌክትሪኩ በእርሱ በኩል ወደ መሬት ይሮጥና ፊውዙን ያቃጥላል፤ ዕቃው ይጠፋል፥ ሰው ይተርፋል። ሽቦው ከተቆረጠ ግን የኤሌክትሪኩ መንገድ ተዘግቷል፤ መንገድ የሚሆነውን ሰው እየጠበቀ በሣጥኑ ላይ ይቆማል። የማይክሮፎኑ ብረትና ከለላ ከዚሁ ሣጥን ጋር የተያያዙ ናቸውና፥ ያ ሰው ብዙ ጊዜ ማይክሮፎኑን የጨበጠው ይሆናል። በእርጥብ ሣር ላይ ጫማውን አውልቆ የቆመ ከሆነማ ጉዳቱ የባሰ ነው። ሰውን ለመጠበቅ በሚሠሩ ማቋረጫዎች ላይ ልኩ 30 ሚሊአምፔር የሆነው፥ የሰው ልብ ከዚያ በላይ በደኅና ስለማይችል ነው። ይህም አንዲት ትንሽ አምፑል ከምትስበው ያነሰ ነው።

ይህ በግምት የተነገረ አይደለም። በ1964 ዓ.ም.፥ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1972፥ በብሪታንያ በስዋንዚ ከተማ ሌስ ሃርቪ የሚባል የስኮትላንድ ተወላጅ ጊታር ተጫዋች በመድረክ ላይ በሕዝብ ፊት ሞቷል። የሞቱም ምክንያት ጊታሩን እንደ ያዘ፥ ከመሬት ጋር በደንብ ያልተገናኘ ማይክሮፎን መንካቱ ነበር። ሕዝቡ ሊሰማው የመጣው ሙዚቃ ነበር።

ታዲያ ቀለበቱን ሰው ሳይጎዱ እንዴት መበጠስ ይቻላል? አንደኛው መንገድ አምፕሊፋየሩንና ሙዚቃ ማጫወቻውን ከአንድ ሶኬት፥ በአንድ ማከፋፈያ ላይ ማገናኘት ነው፤ ያን ጊዜ ቀለበቱ እጅግ ያንሳል። ሁለተኛው የድምፁን ገመድ ከኤሌክትሪኩ ገመድ ማራቅ ነው፤ መተላለፍ ግድ ከሆነ ጎን ለጎን አብረው ሳይሄዱ ተሻግረው ይተላለፉ። ሦስተኛውና ፍጹሙ፥ ለድምፅ ገመድ የተሠራውን ትንሽ መለያ ትራንስፎርመር በሁለቱ ዕቃዎች መካከል ማግባት ነው። ይህ ድምፁን ያሳልፋል፤ የከለላውን ግንኙነት ግን ያቋርጣል። እንግዲህ የምንበጥሰው የድምፁን ገመድ ቀለበት እንጂ የነፍስን መጠበቂያ አይደለም።

በሽማግሌው ዕቃ ላይ ፊተኛውን ባደረግን ጊዜ እምምታው እጅግ ቀነሰ። ትራንስፎርመሩን ባገባን ጊዜ ደግሞ ፈጽሞ ጠፋ። የመሬቱን ሽቦ ከስፒናው ውስጥ ብሎኑን አጥብቄ፥ በመልቲሜትርም ከሣጥኑ ብረት ጋር መገናኘቱን አሳየኋቸው። ዕቃቸውን አስጭነው፥ መርቀውኝ ሄዱ።

በማግሥቱ ማለዳ ሱቄን ስከፍት ሽማግሌው በሩ ላይ ቆመው አገኘኋቸው። በልጅ ልጃቸው ትከሻ ላይ ሌላ፥ ትንሽ አምፕሊፋየር ነበረ። ስፒናውን ስፈታው አረንጓዴና ቢጫው ሽቦ ከሥሩ ተቆርጦ፥ ጫፉም በፕላስተር ተጠቅልሎ ተገኘ።

«ይህን የቆረጥሁት እኔው ራሴ ነኝ፤ ብዙ ዘመኑ ነው። ስንት ሙሽራ፥ ስንት ልጅ በዚህ ዕቃ ማይክሮፎን ይዞ ቆመ። ሌሊቱን አልተኛሁም። መልስልኝ፤ ያጉረምርም እንደ ሆነ ያጉረምርም» አሉኝ።

መለስሁላቸው። ገመዱን በአዲስ ለወጥሁት፤ እምምታውንም በቦታው ፈለግሁት፤ የተሰነጠቀ የመግቢያ ብየዳ ነበር፥ በካውያ ሲነካ ዳነ።

ክቡራን አድማጮች፤ በየቤታችሁ፥ በየማኅበራችሁና በየአዳራሻችሁ ያለውን አሮጌ ድምፅ ማጉያ እስቲ ነገ ተመልከቱት። ስፒናውን ንቀሉና ፈትታችሁ እዩ፤ ወይም የሚያውቅ ሰው አስፈትታችሁ አሳዩ። ሦስተኛው ሽቦ በቦታው ካለ እሰየው። ከሌለ ግን ዕቃው ምንም ጥሩ ድምፅ ቢሰጥ፥ እስኪመለስ ድረስ ማንም ሰው ማይክሮፎኑን አይጨብጥ። እምምታ ቢበዛ ጆሮን ያሰለቻል፤ መድኃኒቱም ከላይ እንዳልነው በትዕግሥት ይገኛል። የተቆረጠው ሽቦ ግን ድምፅ የለውምና፥ ካልፈለጋችሁት በራሱ አይነግራችሁም።